የልጆች መንገድ በድሬዳዋ ፀሐይ፦ ከገበያው የሚገዛውና የሚቀረው

የሰፈር መንገድን ለልጆች መጫወቻ ለማድረግ የተነሳ ኮሚቴ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ቀለም ነው። ቀለም ዓይን ይስባል፣ ፎቶ ላይ ያምራል፣ በአንድ ቅዳሜ ተቀብቶ ያልቃል። ድሬዳዋ ላይ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። እዚህ ከተማ መንገድ ለልጅ የሚሆነው መጀመሪያ ጥላ ሲያገኝ ነው፤ ቀጥሎ ባጃጁ ሲዘገይ፣ ከዚያ የዝናቡ ውኃ መሄጃ ሲኖረው፣ ቀለም ከሁሉም በኋላ። ይህ ግምገማ ለሥራው የሚቀርቡትን ዕቃዎች ከሞላ ጎደል በዚሁ ተራ ያያቸዋል፦ የቱ ገንዘቡን ይመልሳል፣ የቱ በመጀመሪያው ክረምት ይበላሻል፣ የቱ ደግሞ ለልጁ ራሱ አደጋ ይሆናል። የፌሮና የሲሚንቶ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የብር ሒሳብ አላስገባንም። መጠኑን ሰጥተናል፤ በዕለቱ ዋጋ አባዙት። ለማስላት እንዲመች በየቦታው የምንጠቅሰው ምሳሌ 60 ሜትር ርዝመትና 8 ሜትር ስፋት ያለው፣ በሁለቱም ወገን ግቢ የተሰለፈበት ተራ የሰፈር መንገድ ነው።

አየሩ 35 ዲግሪ በሆነበት ቀትር ፀሐይ የሚመታው ጥቁር አስፋልት 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ሙቀት ላይ ባዶ እግር ወይም መዳፍ ማሳረፍ በሰከንዶች ውስጥ ቆዳ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ከአዋቂው ይሳሳል። ስለዚህ ጥላ የሌለው የመጫወቻ መንገድ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ባዶውን ነው የሚውለው።

የግቢዎቹ ግንብ ጥላ ይበቃል ብሎ መተማመን የተለመደ ስሕተት ነው። ድሬዳዋ በሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ በቀትር ልክ አናት ላይ ታልፋለች። 4 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ በታኅሣሥ ቀትር በሰሜን በኩሉ 2.6 ሜትር ጥላ ይጥላል፤ በሰኔ ቀትር ግን ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ 1 ሜትር ብቻ ይሆናል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ መንገድ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው የሚያርፈው ምዕራባዊው ግማሽ ላይ ነውና ጨዋታውን እዚያ፣ የተሽከርካሪውን መተላለፊያ በምሥራቅ በኩል ማድረግ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገድ ግን መረብ ወይም ዛፍ ካልተጨመረበት አይሆንም።

ከሚገዙት ጥላዎች የፕላስቲክ ሸራን ከወዲሁ እናውጣው። ሙቀቱን ከሥሩ አፍኖ ያስቀራል፣ ዝናብ ሲመጣ ሆዱ ላይ ውኃ ይቋጥራል፣ ንፋስ ሲመታው ደግሞ ምሰሶውን ይዞ ይነሳል። የሚሻለው ለችግኝ ጣቢያ የሚሸጠው ዓይነት የተሸመነ የጥላ መረብ ነው፤ አየርም ውኃም ያሳልፋል። ችግሩ በገበያው ላይ ስሱም ወፍራሙም በአንድ ስም መሸጣቸው ነው። ሻጩ «80 በመቶ» ቢል መቶኛው የሚነግራችሁ ምን ያህል ፀሐይ እንደሚጋርድ እንጂ ምን ያህል ዘመን እንደሚቆይ አይደለም። መለያው ክብደቱ ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር አስቆርጣችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ 300 ግራም ገደማ ከመዘነ ለመንገድ ይሆናል፣ ከ100 ግራም በታች ከሆነ ለቲማቲም ችግኝ ነው፣ በድሬ ፀሐይ ሥር ቶሎ እየተፈረፈረ ያልቃል። ለጨዋታ ቦታ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚጋርደው ተስማሚ ነው፤ 50 በመቶው ለልጅ አይበቃም።

መረብ የሚቀደደው መሀሉ ላይ አይደለም፤ የታሰረበት ቀዳዳ ላይ ነው። ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፎ፣ ውስጡ ገመድ አስገብቶ፣ ፀሐይ በሚችል የፖሊስተር ክር ማሰፋት ዕድሜውን ከምንም በላይ ያረዝመዋል፤ የሸራ ሰፊዎች ይችሉበታል። ምሰሶው የ3 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቱቦ፣ 1 ሜትሩ ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ፣ አናቱ ወደ ውጭ በትንሹ ያዘነበለ ይሁን፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ ሽቦው ሲወጠር ወደ ውስጥ ይጎብጣል። በመብራት ፖል ላይ ማሰር አይሞከርም። ለእሳት አደጋ መኪና 3.5 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ሰማዩ ክፍት ሆኖ ይቅር፤ ያ ካልተቻለ የመረቡ ዝቅተኛ ቦታ ከመሬት 4.5 ሜትር ይራቅ። በሰፈሩ የሚኖር አንድ ሰው መረቡን የሚፈታበትን መሰላልና መክፈቻ እቤቱ ያኑር፤ ከዝናብ በፊት አቧራ ይዞ የሚመጣው ንፋስ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ዛፍ ከመረብ ይበልጣል፤ ከዚራ የተባለውን የድሬዳዋ ሰፈር ያየ ሰው በዚህ አይከራከርም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ከተማዋ ስትቆረቆር ቀጥ ብለው በተቀየሱት የከዚራ ጎዳናዎች የዛፍ ረድፉ በቀትር እንኳ ሰው ያስኬዳል። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር ደግሞ የተጠማዘዘ ጠባብ መንገዱ ራሱ ባጃጁን ያዘገየዋል። ለልጆች የሚሆን መንገድ የሁለቱን ጠባይ ማግባት አለበት፦ የከዚራን ጥላና የመጋላን ዝግታ።

ከችግኞቹ መጀመሪያ የሚጠራው የድሬዳዋ ዛፍ ነው። ጃንጥላው ሰፊ፣ አበባው የከተማዋ መታወቂያ ነው፤ ለጠባብ መንገድ ግን አንመርጠውም። ሥሩ ላዩን ስለሚሄድ ኮብልስቶን ያነሳል፣ ቦይ ይሰብራል፤ ቅጠሉንም የሚያራግፈው በበጋ፣ ጥላው በሚፈለግበት ጊዜ ነው። ከግንብና ከቦይ 3 ሜትር የሚያርቅ አደባባይ ወይም ሰፊ ማዕዘን ካላችሁ አንድ ብቻ ትከሉ። ለረድፍ ኒም ይሻላል፤ ድርቅ ይችላል፣ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ቅጠሉን ይዞ ይቆያል፣ ውኃ ካገኘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰው ቁመት በላይ ጥላ ይጥላል። አንድ ጉድለት አለው፦ ፍሬው ሲበስል መሬት ላይ ይረግፋል፣ የፍሬው ዘይት ደግሞ ለሕፃን መርዝ ነው። የሚዳኹና ሁሉን አፋቸው የሚከቱ ልጆች የሚቀመጡበት ጥግ ላይ ኒም አይተከል፣ በፍሬ ወቅት በየጠዋቱ ይጠረግ። ሮቃ በዝግታ ያድጋል እንጂ ከሁሉም የጸና ነው፤ ፍሬው ሆመር ሆኖ ስለሚጠጣም ሰፈሩ ይጠብቀዋል። ሽፈራው ጥላው ሳሳ ያለ ነው፣ ቅርንጫፉም ልጅ ሲንጠለጠልበት ይሰበራል። ለአጥር ማስዋቢያ የሚተከለው ኦሊያንደር ቅጠሉም አበባውም መርዛማ ስለሆነ በፍጹም አይገባም። እሾኻሙ ፕሮሶፒስም እንዲሁ።

ለአንዱ ወገን በ7 ሜትር ተኩል ርቀት 8 ችግኝ ይበቃል። ጉድጓዱ 80 ሴንቲ ሜትር በየአቅጣጫው፣ ተከላው ሐምሌ ላይ። ከዚያ በኋላ ነው ብዙው የሚከሽፈው፦ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች እያንዳንዱ ችግኝ በሳምንት ሁለቴ አንድ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ይፈልጋል፤ ለ8 ዛፍ በሳምንት 16 ጀሪካን ማለት ነው። ከየቤቱ ፊት ያለው ዛፍ በዚያ ቤት ስም ካልተመዘገበ ውኃው አይመጣም። የፍየል መከላከያ አጥር 1.5 ሜትር ከፍታ ይኑረው፤ ከፌሮ ከተሠራ የፌሮው ጫፍ የልጅ ዓይን እንዳይወጋ ወደ ታች ይታጠፍ።

አሁን ወደ ፍጥነት። በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና፣ ሾፌሩ ልጅ ካየበት ቅጽበት ጀምሮ ለመቆም 28 ሜትር ገደማ ይፈጅበታል። በ30 ኪሎ ሜትር 13 ሜትር፣ በ20 ኪሎ ሜትር 8 ሜትር ይበቃዋል። በምሳሌያችን መንገድ ላይ 28 ሜትር ማለት የመንገዱ ግማሽ ማለት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ቁመቱ 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ተራ ጠብቆ የቆመ ባጃጅ ደግሞ 1.7 ሜትር ከፍታ አለው፣ ከኋላው ያለውን ልጅ ጨርሶ ይሰውረዋል። ስለዚህ ከመሻገሪያው በፊትና በኋላ 6 ሜትር ምንም ተሽከርካሪ የማይቆምበት ሆኖ በምሶሶ ይዘጋ፣ የባጃጅ ተራውም ወደ ዋናው መንገድ ይውጣ።

በየሰፈሩ በራስ ተነሳሽነት የሚፈሰው ጠባብና ከፍ ያለ ሲሚንቶ፣ ማለትም 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት 12 ሴንቲ ሜትር የሚነሳው፣ ከሁሉ የከፋው ብሬከር (የፍጥነት ማዘግያ ጉብታ) ነው። ነፍሰ ጡርና በሽተኛ ያንገላታል፣ ሦስት እግር ያለውን ባጃጅ ሊገለብጥ ይችላል፤ ሾፌሩም እሱን ለመሸሽ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ ልጆቹ የቆሙበት ጥግ ላይ ይወጣል። ተገጣጣሚው የጎማ ብሬከር በአንጻሩ ቶሎ ይተከላል፣ በኮንክሪትና በጥሩ አስፋልት ላይም ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ ነገር ግን አስፋልት በሙቀት ሲለሰልስ ቡሎኑ ይላላል፣ አንድ ቁራጭ ሲነቀል የቀረው ቡሎን ጥፍር ሆኖ ይቀራል፣ የልጅ እግርም ጎማም ይበሳል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ከመጀመሪያውም አይያዝም። ለሙከራ ወር ይሆናል፤ ለዘለቄታው አይሁን።

ገንዘቡን የሚመልሰው ከፍ ያለ ሰፊ መሻገሪያ ነው፦ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ላዩ 4 ሜትር ሜዳ፣ በሁለቱም ወገን 1 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ። መኪናን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያወርደዋል፣ ባጃጁን አይጥልም፣ ልጁም ከእግረኛ መንገዱ ሳይወርድ ይሻገራል። ለ8 ሜትር መንገድ በየጠርዙ 25 ሴንቲ ሜትር ለውኃ ሲተው ለአንዱ 3.75 ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት ይገባል። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው የመወጣጫው ጫፍ ነው፤ ባለው አስፋልት ላይ ዝም ብሎ ከፈሰሰ ወደ ዜሮ የሚሳሳው ጠርዝ በወራት ውስጥ ይፈረፈራል፤ ጫፉ የሚያርፍበት ቦታ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ይግባ። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው፤ በቀን የፈሰሰ ኮንክሪት ሳይጠነክር ይደርቅና ይሰነጠቃል። ወደ ማታ ይፍሰስ፣ በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ 7 ቀን ውኃ ይጠጣ፣ በዚያ ሳምንት ባጃጅም አይለፍበት፤ ጭነት መኪና 28 ቀን ይጠብቅ። ላዩን ኮብልስቶን ማድረግ ይቻላል፣ ያምራልም፤ ግን ዙሪያውን በከርብስቶን ካልታሰረ ድንጋዩ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይበተናል፣ መወጣጫው ላይ ደግሞ ኮንክሪቱ ይሻላል።

ለጠርዝ የተተወው 25 ሴንቲ ሜትር የግድ ነው። የድሬ ሰው ውኃን መንገር አያስፈልገውም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የሰፈር ውስጥ መንገድም በመጠኑ ያው ጠባይ አለው፤ ደረቅ ሆኖ ከርሞ በግማሽ ሰዓት ወንዝ ይሆናል። በመሻገሪያው ሥር ቱቦ ማሳለፍ በወረቀት ላይ ደህና ይመስላል፣ በመጀመሪያው ዝናብ ግን ፌስታልና የጫት ገረባ ይደፍነዋል። ክፍት ተትቶ በሚነሳ ክዳን ይሸፈን። ክዳኑ 60 በ50 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ቢሆን 72 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሁለት ሰው ያነሳዋል፣ ልጅ አያነቃንቀውም። ከዚህ የተለቀ ክዳን ማንም አንስቶ አያጸዳውም። መንገዱ ላይ የሚቀመጥ ማንኛውም አግዳሚም ሆነ የአበባ ሳጥን ከቦዩ መስመር ላይ አይሁን።

መዝጊያ ምሶሶው ላይ ቁጥሩ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ቦታ ይሳታል። ባጃጅ 1.3 ሜትር ስፋት አለው፤ ተሽከርካሪ ወንበር ለማለፍ 90 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። በምሶሶዎች መካከል ያለው ክፍተት በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል መውደቅ አለበት። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው 6 ምሶሶዎች በ8 ሜትር ላይ እኩል ሲደረደሩ ክፍተቱ 1 ሜትር ገደማ ይሆናል። የመሀሉ 3 ተነቃይ ይሁኑ፤ ሦስቱ ሲነሱ 4.5 ሜትር ይከፈታል፣ አምቡላንስም የእሳት አደጋ መኪናም ይገባል። ሁለቱ ብቻ ተነቃይ ከሆኑ 3.3 ሜትር ነው የሚከፈተው፣ አይበቃም። ሞተር ሳይክል በዚህ ክፍተት ያልፋል፤ እሱን የሚከለክል ምሶሶ ተሽከርካሪ ወንበሩንም ስለሚከለክል መፍትሔው መሻገሪያውና የሰፈሩ ሰው ዓይን ነው። ተነቃዩ ምሶሶ የሚገባበት እጀታ ከሥሩ የውኃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፣ ሲነቀልም አፉ ላይ ክዳን ይደረግበት፤ አለዚያ የልጅ ቁርጭምጭሚት የሚገባበት ጉድጓድ ነው።

በርካሽነታቸው የሚመረጡት አሮጌ ጎማና በርሜል ናቸው። በሌላ ከተማ ይሁን ይባል ይሆናል፤ ድሬዳዋ ላይ አጥብቀን እንቃወማለን። ይህች ከተማ በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቀን ቀን የምትናደፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ ናት፣ መራቢያዋም በጎማና በዕቃ ውስጥ የተጠራቀመ ትንሽ ውኃ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ደግሞ አኖፌለስ ስቴፌንሲ ከተባለችው፣ ከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ ከምትራባው ወራሪ ትንኝ ጋር ተያይዟል። በዚህ ሙቀት ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ለመድረስ አንድ ሳምንት ያህል ይበቃል። መቀመጫ ወይም መወጣጫ የሆነ ጎማ ከዝናብ በኋላ የልጆቹ ጭን ሥር ያለ የትንኝ ማራቢያ ነው ማለት ነው። ከታች ቀዳዳ መብሳት ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ቀዳዳው በአፈር ይደፈናል፣ የጎማው ጎን ውስጥ ያለው ቆልማማ ቦታም ውኃውን አይለቅም። ጎማ የግድ ከሆነ ውስጡ እስከ አፉ በኮንክሪት ይሞላ። በፀሐይ መጋሉንና ሽታውንም አትርሱ። በርሜልም ቢሆን በአሸዋ ሞልቶ ክዳኑን በሲሚንቶ ካልዘጉት ከመንገዱ ይውጣ። ርካሹ ምትክ ሰፈሩ ውስጥ በእንጨት ሳጥን የሚፈስ ኮንክሪት ነው፤ ጠርዙን በማንኪያ አዙሩት፣ ልጅ ሲወድቅ የሚያገኘው ጠርዙን ነው።

ቀለሙ ላይ ደረስን። ለመንገድ የሚሆነው ወፍሮ የሚቀባው የመንገድ ቀለም በ1 ሊትር 2.5 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። መንገዱን በሙሉ፣ 480 ካሬ ሜትሩን፣ ሁለት እጅ እንቀባ ብትሉ 384 ሊትር ያስፈልጋል። መሻገሪያዎቹንና የጨዋታዎቹን ቦታ፣ 40 ካሬ ሜትር ያህል፣ ብቻ ብትቀቡ 32 ሊትር ይበቃል። በልዩነቱ የጥላ መረብና የዛፍ አጥር ይገዛል። ለበርና ለመስኮት የሚሸጠው የዘይት ቀለም ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ሌላ ካልተገኘ ሁለተኛው እጅ ሳይደርቅ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ይበተንበት። በእሳት ቀልጦ በ200 ዲግሪ ገደማ የሚፈሰው ቴርሞፕላስቲክ ከሁሉም ይጸናል፣ ሥራው ግን መሣሪያ ያለው ተቋራጭ እንጂ የሰፈር ወጣቶች የሚነኩት አይደለም። አዲስ ኮንክሪት 28 ቀን ሳይሞላው አይቀባ፤ ውስጡ ያለው እርጥበት ቀለሙን ይልጠዋል። ሥራው ጎሕ ሲቀድ ተጀምሮ ከረፋዱ 3 ሰዓት በፊት ይለቅ፤ የጋለ ወለል ላይ የተቀባ ቀለም ላዩ ደርቆ ሥሩ ይቀራል፣ ከዚያ ይላጣል። ፈዘዝ ያሉ ቀለማት ከጥቁሩ አስፋልት ያነሰ ይግላሉ፣ ነጭ ግን በቀትር ዓይን ስለሚያጨልም በሰፊው አይቀባ። ኮብልስቶን ላይ ቀለም ገንዘብ መጣል ነው፤ እዚያ ጥቁርና ነጣ ያለ ድንጋይ አቀላቅሎ ሥዕሉን በድንጋዩ ራሱ መደርደር ይሻላል።

የሚቀባው ደግሞ ልጆቹ የሚያውቁት ይሁን። ሰኞ ማክሰኞ በሁለት መጠን፣ ለትንንሾቹ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ለትልልቆቹ 45 ሴንቲ ሜትር ካሬ። ለብይ ለስላሳ የአፈር ጥግ፣ ለገመድ ዝላይ 4 ሜትር የጸዳ ቦታ፣ ለቅልብልቦሽ ጥላ ሥር ያለ ለስላሳ ሊሾ። ገበጣ በኮንክሪት አግዳሚ ላይ ሊቀረጽ ይችላል፤ ጎድጓዶቹ ውኃ እንዳይዙ አግዳሚው ከመረብ ይልቅ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሁን። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ የብረት ሸርተቴ ከሚከፈለው በታች ነው።

ስለ ብረት ሸርተቴው እናንሳ፤ ከየብረታ ብረት ቤቱ ታዝዞ የሚመጣ፣ ልጆችም የሚወዱት ዕቃ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ሸርተቴ ጭን ያቃጥላል። ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሩት የሚለው ምክር ለዚህ ኬክሮስ አይሠራም፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐይዋ ራሷ በሰሜን በኩል ናት። ከጥላ ሥር ካልሆነ አይተከል። ከሥሩ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የታጠበ የወንዝ አሸዋ ይነጠፍ፤ ከመፍጫ የሚመጣው የድንጋይ ብናኝ ሲረገጥ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል፣ አይሆንም። ጥቁር የጎማ ንጣፍም ያለ ጥላ ከአስፋልቱ አይሻልም። ዥዋዥዌ ከፊትና ከኋላ ብዙ ሜዳ ስለሚፈልግ ለመንገድ አይመከርም።

መቀመጫ፦ ለልጅ 30፣ ለአዋቂ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ኮንክሪት ወይም እንጨት፣ ብረት አይሁን። ሳምቡሳና ባጂያ የሚጠብሱ እናቶች ቢኖሩ መንገዱ ዓይን ያገኛል፤ ምድጃቸው ከጨዋታው መስመር 3 ሜትር ይራቅ እንጂ አይነሱ።

ድሬ የምትነቃው ሲመሽ ስለሆነ መብራት ከመቀመጫ ይቀድማል። ገበያውን የሞላው ባትሪው ከሶላሩ ሥር አብሮ የተገጠመበት አንድ ወጥ ፋኖስ ነው፤ ሙቀቱ ባትሪውን ቀድሞ ይገድለዋል፣ አቧራ የጠጣው ሶላርም አይሞላውም። ባትሪው ተለይቶ ምሶሶው ጥላ ላይ የሚሰቀልበትን ዓይነት፣ የሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለውን ባትሪ ያለውን ምረጡ። ምሶሶው ከ5 እስከ 6 ሜትር ይሁን፣ ሶላሩም በወር አንዴ ይወልወል።

ሐረር ላይ ይህ ግምገማ ግማሽ በግማሽ ይለወጣል። ከተማዋ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጥላው ያን ያህል አያስጨንቅም፤ የጀጎል ጠባብ መተላለፊያዎች ደግሞ ብዙዎቹ ባጃጅ የማይገባባቸው፣ በግንብ ጥላ የተከበቡ፣ ልጆች ከጥንት ጀምሮ የሚጫወቱባቸው ናቸው። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ግንብ መብሳት፣ ሽቦ ማሰር፣ ድንጋዩን መቀባት የለም። እዚያ የሚገዛው ጥቂት ነው፦ በበሮቹ አካባቢ ተነቃይ ምሶሶ፣ የቦይ ክዳን፣ ዝቅተኛ መብራት።

ማስተዳደሩ እንደ ዕቃ ባይሸጥም ከሁሉም ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው። መንገዱን ሙሉ ቀን መዝጋት አያስፈልግም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በሥራ ቀናት፣ ቅዳሜና እሑድ ረዘም አድርጎ መዝጋት ለድሬ ይበቃል። ዓርብ ለጁምዓ ሰዓት መስጊድ ያለበት መንገድ ክፍት ይሁን። ከመዝጋታችሁ በፊት የቀበሌውንና የትራፊክ ፖሊስን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፣ የባጃጅ ማኅበሩንም ጥሩ፤ ተራቸው የት እንደሚዛወር ሳይነገራቸው የተዘጋ መንገድ በሳምንቱ ይከፈታል። የምሶሶው ቁልፍ ሦስት ቅጂ ይኑረው፣ ተነቃዮቹ ምሶሶዎች ሁሉ በአንድ ዓይነት ቁልፍ የሚከፈቱ ሆነው፦ አንዱ ማታም በሩን በሚከፍት ባለሱቅ ዘንድ፣ አንዱ መንገዱ ላይ በሚኖር አባወራ ቤት፣ አንዱ በቀበሌው ጥበቃ እጅ። የሦስቱ ስልክ ቁጥር በመዝጊያው ምሶሶ ላይ በዘይት ቀለም ይጻፍ፤ ምጥ የያዛት ሴት ያሳፈረ ባጃጅ ሌሊት ሲመጣ የሚደውለው እዚያ ላይ አይቶ ነው።